ባለ ሦስት እግሩ ጎሽ

አስካለ ወደ ወርቅ ሠሪው ሱቅ የሄደችው የአባቷን አርባ ባወጣች ማግስት ነበር። አባቷ አሜሪካኖች ቤት በወጥ ቤትነት ሲሠሩ ያገኟትን አሮጌ የአሜሪካ አምስት ሳንቲም፣ ይኸው ሰውዬ "ዋጋ የላትም" ብሎ በአንድ ኪሎ ስኳር ወሰደባቸው። ሳንቲሟን ሸጦ ይህን ሱቅ መክፈቱን ከሰሙ ወዲህ አንጀታቸው እያረረ ኖረው ሞቱ።

"ይቺን ይዩልኝ ጋሼ" ብላ ሌላ የአሜሪካ አምስት ሳንቲም አቀበለችው። የማን ልጅ እንደሆነች አላወቀም። ሳንቲሟ ላይ የተቀረጸው ጎሽ፣ እንደ አባቷ ሳንቲም ሁሉ፣ በሦስት እግሩ ቆሟል። ወርቅ ሠሪው አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ ደጋግሞ አገላበጣት። ሲታተም በስህተት አንድ እግር የጎደለውን ጎሽ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎች በስንት ውድ ዋጋ እንደሚገዙት ሁለቱም ያውቃሉ።

"እግሩ እንኳ አልቆ ጠፍቷል የኔ ልጅ፤ ምንም አታወጣም። ለድካምሽ መቶ ብር ልስጥሽ።"

"ምንም ካላወጣችማ ምን ታደርግልኛለች?" አለችና ሳንቲሟን ተቀብላ ወርቅ በሚቀጠቅጥበት ብረት ላይ አኖረቻት። መዶሻውን አነሣች።

"ተይ! አንቺ ሴት፣ የቤት ዋጋ እኮ ናት!"

ደንበኞቹ ሁሉ ዞሩ። ሰውዬው ሳንቲሟን ለማዳን እጁን ሰደደ፤ መዶሻው ግን መውረድ ጀምሮ ነበር። ጣቶቹ ሲሰበሩ ድምፁ ተሰማ።

መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ በደኅነኛው እጁ ሳንቲሟን ደረቱ ላይ ለጥፎ ያቃስት ጀመር። አስካለ ጎንበስ አለችና በጆሮው፦

"ይያዟት ጋሼ" አለችው። "እግሩን በሞረድ የፋቅሁት እኔ ነኝ።"