የእማዬ ጸሎት

የአውሮፕላን ማረፊያው ማሽን የእናቴን ጸሎት ሰው ፊት ዘረገፈው።

ከበረራ በፊት በመንገደኛው ቤት ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ መስሚያ ይሰቀላል፤ ፍተሻው ላይ ደግሞ መንገደኛው ደጋግሞ ያለው ነገር ይከፈትና «የእኔ ነው» ብሎ ያልፋል። የእማዬን መስሚያ ከምትጸልይበት የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ጎን የሰቀለው ባሌ ነበር። አሁን ከማሽኑ ድምፅዋ ወጣ፦

«እመቤቴ፣ የልጄን ባል እጁን ያዥልኝ። ልጄ የማላውቅ ይመስላታል።»

የበለዘው ክንዴ ላይ እጅጌዬን እስከ ጣቶቼ ሳብኩ። ሊሸኘን የመጣው ባሌ ሳቀ። «አርጅተዋል እኮ፣ የሚሉትን አያውቁም።»

«ድምፁ የእርስዎ ነው፣ እማማ?» አለ ፈታሹ።

ካልሆነ አትሳፈርም፤ የምንሄድለት ሕክምናዋም ይቀራል። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አይደለም፣ ልጄ።»

«የእሷ ነው» አልኩ። «የምትለውንም ታውቃለች።»

ሻንጣውን ከባሌ እጅ ተቀበልኩ፤ እማዬን አስቀድሜ ወደ መሳፈሪያው ገባሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።