የ«ቢሯችን ጉድ» ተከታዮች

ቡታጅራ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ አቶ ባልቻ የሚባል ኃላፊ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ ሠራተኞቹን ብትጠይቋቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ስብሰባ እንዳለ ግን ያውቃሉ። አቶ ባልቻ ወደ ስብሰባው ሲገባ ብድግ የሚልለት ሰው አልነበረም። ሲናገር ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል፣ ግማሹ ያዛጋል። ጥበቃው እንኳ አንዳንድ ቀን መታወቂያ ይጠይቀው ነበር።

አንድ ሰኞ አቶ ባልቻ ፊቱን አጥቁሮ ገባና መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጠላት ተሰግስጓል አለ። ይህ ጠላት «የቢሯችን ጉድ» የሚባል ብሎግ ከፍቶ የእሱን ስም እያጠፋ ነው። ያወቀው ሰው ጠቁሞት እንደሆነም ተናገረ። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ብሎጉን ከሠራተኛው አንድም ሰው ሰምቶት አያውቅም።

ከስብሰባው እንደወጡ ሁሉም ከፍተው አነበቡ። «ባልቻ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም» ይላል። «ሲቆጣ ኮሪደሩ ይንቀጠቀጣል። በአንድ ፊርማ ስንት ሰው አፈናቅሏል። የበላዮቹ ሳይቀሩ ይፈሩታል።» ሠራተኛው ተገረመ። እንዲህ ያለ ሰው አብሯቸው እንደሚውል አላወቁም ነበር። በማግስቱ አቶ ባልቻ ሲገባ ሁለት ሰዎች ብድግ አሉ።

መፍትሔ ያመጣው የኮምፒውተር ባለሙያው አምሀ ነው። አምሀ አዲስ አበባ ለጥቂት ቀን ሠልጥኖ ከመጣ ወዲህ ሰው በሚገባው ቋንቋ መናገር ትቷል። ያም ሆኖ እንደምንም አስረዳ። ፌስቡክ ላይ ጽሑፍ በሌላው ብዛት ተውጦ ይጠፋል፤ አርኤስኤስ አንባቢ የሚባለው አፕ ግን የብሎጉን አድራሻ አንዴ ከሰጡት አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ራሱ ስልክ ላይ ያመጣዋል። ብሎገሮች አንባቢ የሚያበዙበት ዘዴ ነው፤ እኛ ደግሞ ጠላት እንይዝበታለን አለ። አቶ ባልቻ ሐሳቡን ወደደው። ሠራተኛው በየአምስቱ በሚጠረነፍበት በአንድ ለአምስት በኩል ሁሉም ስልክ ላይ እንዲጫን አዘዘ።

አምሀ ለእርስዎም ልጫንልዎት ብሎ እጁን ዘረጋ። አቶ ባልቻ፣ ለእኔ እናንተ ታነቡልኛላችሁ አለ። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው ተባለ።

ወትሮ ዞር ብሎ የሚያየው ያልነበረው ብሎግ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ተከታይ አደረገ። ጎረቤት መሥሪያ ቤቶችም ከማን አንሰን ብለው ጫኑ። አምሀ የተከታዩን ብዛት በየቀኑ እያየ ይፍለቀለቃል። ደስታው ጠላት የሚያድን ሰው ደስታ አይመስልም ነበር። የብሎጉን አድራሻም በቃሉ ያነበንበዋል። ስለ እሱ መንሾካሾክ ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠግነው እሱ ብቻ ስለሆነ ሰው ዝም አለ። ጽሑፉ እየከፋ ሄደ። ለአቶ ባልቻ ብድግ የሚለውም ሰው በዛ።

ከዚያ ግምገማ ደረሰ። ግምገማ ደግሞ ያለ ጥፋተኛ አያልቅም። የአንድ ለአምስት መሪዋ አዛለች ተነሥታ፣ ከሁሉም ሠራተኛ አፑን ያልጫነችው ዘይባ ብቻ ናት አለች። ዘይባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። እናቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ከእሷ እጅ በቀር አይጎርሱም፤ ስለዚህ በየቀኑ ለምሳ ወደ ቤት ትሮጣለች። አፑ የተጫነው በምሳ ሰዓት ነበር።

«የራሱን ብሎግ የሚከታተል ጸሐፊ የለም» አለች አዛለች። «የራሷ ባይሆን ትጭን ነበር።»

አዳራሽ ሙሉ የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ ልክ ነው አለ። እንዲህ ላለው ጭንቅላት የወጣው የትምህርት ወጪ ያንገበግባል።

ዘይባ ጥያ ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛወረች። ጥያ ማለት ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ መመለስ ነው። እናቷ ምሳ አይበሉም ማለት ነው።

«አቶ ባልቻ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለች። «ከሄድኩ በኋላ ጽሑፉ ቢወጣስ? ይመልሱኛል?»

«ብሎጉ ላይ አንዲት መስመር ከወጣች በማግስቱ እመልስሻለሁ» አለ አቶ ባልቻ፣ ሁሉም እየሰማ። «ቃሌ ነው።»

ዘይባ ጥያ በገባች ቀን አፑን ራሷ ጫነች። ብሎጉ ግን ጭጭ አለ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ምንም የለም። ቡታጅራ ላይ፣ አላልናችሁም ተባለ። ለአዛለች ተጨበጨበላት። ጎረቤታቸው ከድጄ ምሳ ይዛ ስትገባ እናትየው ከንፈራቸውን ገጥመው ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። ከስተው አጥንታቸው ወጣ። ሌላው ሁሉ ጸሐፊውን ሲረግም ዘይባ ብቻ እንዲጽፍ ዱዓ ታደርግለት ነበር። ለአምሀም ደወለች።

«አንተ ከሆንክ ለማንም አልናገርም» አለችው። «አንዲት መስመር ብቻ ጻፍልኝ።»

አምሀ ስልኩን ዘጋባት።

የአቶ ባልቻ ቆራጥነት ግን ላይ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ ወልቂጤ ትልቅ ቦታ ላይ ተሾመ። ቡታጅራ ቆሞ ሸኘው፤ አምሀማ እንባ አውጥቷል። አቶ ባልቻ ወልቂጤ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሲገባ ግን ብድግ ያለለት ሰው የለም። እንዲያውም ከኋላ ያለ አንድ ሰው፣ ወንድም ጋርደኸኛል፣ ተቀመጥ አለው።

አቶ ባልቻ አዲሱ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ፣ በሌላ ስም ሌላ ብሎግ ከፈተና «ወልቂጤ ሆይ፣ አውሬ መጣብሽ» ብሎ ጻፈ።