ቅል የያዘው ንጉሥ

«አየሁት እያልኩሽ! በዚህ ዓይኔ!» ዳኛቸው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«ምን አየህ? ዘውዴ ሙዚየም ገብቶ ሥዕል ሲያይ አየህ» አለች ጸዳለ።

«ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ሥዕል ፊት? አጠገቡ ደግሞ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ቆሞ?»

«ለንደን እኮ ነው ዳኛቸው። ካፖርት ያልለበሰ አምጣልኝ።»

ሆሎዌይ ሰፈር ባለው የዳኛቸው ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የስደተኛ ተማሪዎቹ ማኅበር የሚሰበሰበውም እዚሁ ነው። ጊዜው አዲስ አበባ በቀይ ሽብር የምትታመስበት ነበር። ዘውዴ ማኅበሩን ከተቀላቀለ ወዲህ እዚህ ክፍል የተነገረ ነገር ሁሉ ደርግ ጆሮ ይደርሳል። መጀመሪያ የማኅበሩ አባል የሆነችው የሮማንወርቅ አባት ታሰሩ። ከዚያ ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ሲሄድ «ከእንግዲህ አታምጡ» ተባለ። የዚህን ትርጉም የማያውቅ የለም።

«ያንቺስ ወንድም?» አለ ዳኛቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብርሃኑም እጃቸው ላይ ነው። ዘውዴ ያንቺን ስም የሰጣቸው ቀን አለቀለት።»

ጸዳለ ጣቶቿን አቆላለፈች። «ትናንት እናቴ ደውላ ነበር። ስንቁን ተቀብለዋታል።»

«እስካሁን? እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዘውዴን እኔ ላናግረው። አንተ ከሄድክ ትደባደባላችሁ።»

ቅዳሜ ሙዚየሙ ሄደች። ዘውዴ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከሁለት ሥዕሎች ፊት ቆሟል። ሁለቱም የአንድ የቻይና ንጉሠ ነገሥት ሥዕሎች ናቸው። በአንደኛው ዘንዶ የተጠለፈበት ቢጫ ልብስ ለብሶ፣ ዙፋኑ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጧል። በሌላው ግን ተራ ቀሚስ ለብሶ፣ ቅል ይዞ ጥድ ሥር ቆሟል። እዚህኛው ላይ የሚታየው ከጎኑ ነው።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የለበሰው?» አለች።

«ታኦ የሚባል ትምህርት አላቸው። መናኞቹ ተራራ ላይ እየኖሩ፣ ሞት የሚያስቀር መድኃኒት ይፈልጋሉ። ንጉሡ በዚህ ነገር ልቡ ጠፍቶ ነበር አሉ። መድኃኒቱ ቅሉ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ መነነ?»

«የት አባቱ! ከዙፋኑ ንቅንቅ አላለም። የቤተ መንግሥቱን ሠዓሊዎች ጠርቶ መናኝ አስመስላችሁ ሣሉኝ አለ እንጂ።»

«ፊቱንስ ለምን አዞረ?»

«ለነሱ ምንም ማለት አይደለም። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ስለሆንኩ ይቀፈኛል። አባቴ ጻድቃንን በሁለት ዓይን፣ ይሁዳን በአንድ ዓይን ነበር የሚሥለው።»

ጸዳለ ሳቀች። «ምስኪኑን ንጉሥ ይሁዳ አደረግከው!» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጠየቀችው። «የሮማንወርቅ ወንድም ጠፋ አሉ። የት እንደተደበቀ ሰምተሃል?»

ዘውዴ እርሳሱን አቆመና አያት።

«ደብረ ብርሃን፣ አባቴ ቤት። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ማታ ዳኛቸው ሲጠይቃት «ምንም አልተነፈሰም፤ ስለ ንጉሥ ብቻ ነው ያወራኝ» አለችው።

በሳምንቱ አባላቱ ተሰብስበው ሳለ ዘውዴ ዘግይቶ ገባ።

«ጓድ ሠዓሊ! ኤምባሲ ቆየህ እንዴ?» አለው ዳኛቸው።

«ደብረ ብርሃን ያለው የአባቴ ቤት ተፈተሸ። በሩን በሰደፍ ሰብረው ነው የገቡት።»

«ማን ነበረበት?»

«ማንም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የተዘጋ ቤት ነው።»

«ለባዶ ቤት እናልቅስልህ?» ዳኛቸው ሄዶ በሩን ዘግቶ ቆመ። «እንዳንጠረጥርህ ራስህ ነህ ያስፈተሽከው! ዛሬ ሳታምን ከዚህ አትወጣም!»

ሮማንወርቅ ማልቀስ ጀመረች። ጸዳለ «ተዉ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለች።

ዘውዴ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ከካፖርቱ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የማኅበሩ አባላት በሙሉ የቻይና መናኝ ቀሚስ ለብሰው፣ ቅል ይዘው ጥድ ሥር ተደርድረዋል። ራሱንም ሥሏል።

ዳኛቸው በሩን ለቆ መጣ። ሳያስበው ፈገግ አለ። «ይሄ እኔ ነኝ? ሁለቱንም ዓይኔን አስፈጠጥካቸው!»

«እንደ አባቴ አድርጌ ነው የሣልኳችሁ» አለ ዘውዴ።

ሁሉም ጎንበስ ብለው ራሳቸውን ይፈልጉ ጀመር።

ጸዳለ ወረቀቱ ጥግ ላይ የተሣለላትን አንድ ዓይን አየች፤ ካፖርቷን አንሥታ ወጣች።