የእማዬ እድር

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ከእጄ አላወረድኩም። እማዬ ደግሞ ከእኔም ብሶባት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቤቱን ትዞራለች። "አስገቢዋ ቁጥሩን፣ አንቺ ልጅ!" ሲስተሙ ግን ተጨናንቋል።

እስኪከፈት ላውራችሁ። እማዬን እንዴት እንደምወዳት! አንድ ነገሯ ብቻ ያናድደኛል፦ እድሯ። ዓመቱን ሙሉ ልክ አሥራ አንድ ተኩል ሲል ሹልክ ትላለች።

"የት ነው?"

"እድር ስብሰባ አለ።"

"እማ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማነው እንዲህ የሚሞተው?"

"ሟርተኛ! አፍሽን ያዥ!" ብላ እብስ ነው።

ደግሞ የሂሳብ መጽሐፌ ጠፍቶ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ሳገኘው ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አይጥ ይሆናላ!"

ተከፈተ! አለፍኩ! አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ሶፋው ላይ ወጥተን ዘለልን፣ እልልታዋ ጎረቤቱን ቀሰቀሰው። ከዚያ ድንገት ከጡቷ ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። ቁጥር ተጽፎበታል።

"በሞቴ፣ ይቺንም አስገቢልኝ።"

"የማን ነው?"

"አስገቢ አልኩሽ!"

አስገባሁ። ዞረ፣ ዞረ፣ ተከፈተ። ስም፦ ይርገዱ ሽፈራው። የማታ ተማሪ። አልፈዋል።

"እማ! ይሄ ያንቺ ስም ነው እኮ!"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ በአንድ ዓይኗ ብቻ ወደ ስልኩ አጮለቀች።

"ሂሳብ በለጥኩሽ?"