ከዘፋኟ ሥር

ካሴቱ ቴፑ ውስጥ ተጠምዝዞ ሲበጠስ ናሆም አልደነገጠም። "አይዞዎት አባባ፤ ትናንት ኮምፒውተር ላይ ገልብጬዋለሁ። እንዲያውም ጫጫታውን አጥርቼልዎታለሁ" አለና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ከውጭ አገር ከተመለሰ ጀምሮ በዚህ ነገር ሲከራከሩ ከርመዋል። "ያንተ ኮምፒውተር ዘፈኑን አጥቦ አጥቦ ቀለሙን ያስለቅቀዋል" ይሉት ነበር ሽማግሌው፤ እሱም ይስቅባቸው ነበር።

አምባሰሉ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣ። አባቱ ዐይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ፤ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ተጫኑት፤ ኋላም አወለቁት። "ዘፋኟስ አለች። እናትህ የት ሄደች?"

"እማዬ ደግሞ የት ነበረች?"

"መርሳ ከተማ ሰርግ ላይ ስቀዳው አጠገቤ ሆና ታንጎራጉር ነበር እኮ፤ ከዘፋኟ ሥር፣ በቀስታ። ከሞተች ወዲህ እሷን እንጂ ዘፈኑን መች ሰምቼ አውቃለሁ?"

ናሆም ትናንት ከዘፈኑ ሥር የሚያጉረመርም ነገር ሰምቶ የሰርገኛ ጫጫታ መስሎት ነበር፤ እሱን ካጠፋ በኋላ ያልተጣራውን ቅጂ ሰርዞታል። የቴፑን ገመድ ከሶኬቱ ነቅሎ ቴፑን ከፈተና ካሴቱን አወጣ። የተጨማደደውን ክር በጥፍሩ አቃንቶ በፕላስተር ቀጠለና በእስክሪብቶ እያዞረ አጠነጠነው። ተበጠሰበት። እንደገና ቀጠለው። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክሽ" አለ፤ ካሴቱን ይለምን እናቱን ለራሱም አልታወቀውም። በመጨረሻ ካሴቱን መልሶ ከቶ ቁልፉን ተጫነው።

አባቱ እጁን ያዙት። "በቃ ልጄ፣ ተው። ይኸው መጣች፤ ሰማኋት።"

ናሆም ዞር ሲል፣ የነቀለው ገመድ ወለሉ ላይ እንደተጋደመ ነበር።