የጳጉሜ ልጆች

በልደት ምዝገባ ቢሮው ሰልፍ ላይ ከሁሉ አብዝቶ የሚራገመው እሱ ነበር።

«ኮምፒውተሩ ጳጉሜ የሚባል ወር አያውቅም» አለች መዝጋቢዋ። «መስከረም አንድ ልበልልሽ?»

«በሩፋኤል ዝናብ የወለድኩትን ልጅ?» ጮኸች ከፊቱ የቆመችው እናት። «ይህን የሠራ እጁ ይሰበር!»

«አሜን!» አለ እሱ፣ ከሁሉ ቀድሞ።

ምን ያድርግ? ፕሮግራሙን የጻፈው ራሱ ነው። የፈረንጆቹን የቀን መቁጠሪያ ኮድ ገልብጦ፣ የወሮቹን ስም ቀይሮ፣ ጳጉሜን ግን «አምስት ቀን ምን አላት፤ ቆይቼ እጨምራታለሁ» ብሎ ተዋት። ሥራውን ሲያስረክብ ተጨበጨበለት፤ እሷም በዚያው ተረሳች። ትዝ ያለችው ዛሬ ነው፤ የራሱ ልጅ በጳጉሜ ተወልዳ ሰልፍ ሲይዝ። ዝም ያለ ሰው ይጠረጠራል ብሎ ይኸው እርግማኑን ያጋግላል።

«ቆይ፣ ይህን ደንቆሮ ማነው የቀጠረው?» ብሎ ሳይጨርስ ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ገባች። የሰዉን ምሬት ጥቂት አዳመጠችና ፊቷ በኩራት በራ።

«አይዟችሁ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በአገጯ ወደ እሱ እየጠቆመች። «የሠራው ሰው ይኸው እዚሁ አለላችሁ። የኔ ባል ነው!»