በበረዶ ቀን የጮኸው ማንቂያ

ዘሙሩድ የማንቂያውን ሽቦ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ነከረችው። ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳጥን ጮኸ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው። «ይኼን ነው የምልሽ! ውሃ ውስጥ ነክረሽው እሳት ይላል!»

«ውሸቱን ነው ጋሼ» አለች ዘሙሩድ ሽቦውን እያወጣች።

ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብላ ባለችው የደን ጥበቃ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነዋል። አቶ ወልደ ሐዋርያት የጥበቃዎቹ ኃላፊ ናቸው። ማንቂያውን የሠራችው ዘሙሩድ ናት፤ የምትሠራው የካ ሚካኤል አካባቢ፣ አምስት ሰው ብቻ ባለባት ድርጅት ነው። አለቃዋ በላይነህ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ሳጥኑ የተተከለው ባሕር ዛፉ መሃል ሙቀት በድንገት ሲጨምር እንዲጮኽ ነበር። በክረምቱ ግን ሦስት ጊዜ በሐሰት ጮኸ። ሦስተኛው በረዶ ሲወርድ ነው። አቶ ወልደ ሐዋርያት ስምንት ሰው አስከትለው፣ አካፋና ጄሪካን አሸክመው፣ በረዶው አናታቸውን እየቀጠቀጣቸው ዳገቱን ሮጡ። እሳት የለም። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ሲያልፉ ጥበቃዎቹ ይጠቃቀሳሉ። ዛሬ ዘሙሩድንና በላይነህን የጠሯቸውም ሳጥኑን መልሰው እንዲወስዱ ነው።

ዘሙሩድ ከቦርሳዋ ሌላ ሳጥን አወጣች። መልኩ ከመጀመሪያው አይለይም። ሽቦውን እዚያው ጣሳ ውስጥ ከተተችው። ጠበቁ። ድምፅ የለም። አቶ ወልደ ሐዋርያት ጎንበስ ብለው ጆሮአቸውን አስጠጉ። አሁንም የለም። ሽቦውን አወጣችና «ይፍቀዱልኝ» ብላ ከሚጨሰው የሻይ ብርጭቆአቸው ነከረችው። ጮኸ።

ሽማግሌው ሻዩንም፣ ሳጥኑንም፣ እሷንም ተራ በተራ አዩ። «ምኑን ቀየርሽው?»

«እኔ ከጻፍኩት አንድ ፊደል አልቀየርኩም። ትእዛዙን የምጽፈው ሰው በሚያነበው ቋንቋ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚያስላው ቺፕ ደግሞ ያንን አይሰማም። መሃል ላይ ኮምፓይለር የሚባል ተርጓሚ ፕሮግራም አለ። እኔ ‹ከአሁኑ ሙቀት የበፊቱን ቀንስ› አልኩ። ሲቀዘቅዝ መልሱ ከዜሮ በታች ነው፤ የመቀነስ ምልክት አለው። ተርጓሚው አንድ አቋራጭ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ምልክቱን ይጥለዋል። ብርዱን ሙቀት አደረገብን። ያቺን አቋራጭ ዘጋሁበት።»

«እኔን በበረዶ ያስሮጠኝ አስተርጓሚ ነዋ!»

«አዎ ጋሼ።»

«ግን አንቺ በምን ደረስሽበት?»

ዘሙሩድ ወደ በላይነህ ዞር አለች። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። «ዓለም በሙሉ የሚሠራበትን መሣሪያ ተዪና የራስሽን ስህተት ፈልጊ» ያላት እሱ ነው። ፈለገች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የራሷን ሥራ እንደ ጠላት ሥራ መረመረች። የኮምፓይለሩ ባለቤቶችም ቢሆኑ ስትጽፍላቸው «ችግሩ ከእናንተ ኮድ ነው» ብለው በአንድ መስመር መለሱላት።

«ሁለት ምስክር ለየብቻ እንደሚጠየቀው ነው» አለች። «ሂሳብ እንደ መጣለት እየፈጠረ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራሁ። አንዱን ሂሳብ ለኮምፒውተሩ እሰጣለሁ። ያንኑ አስተርጉሜ ለቺፑ እሰጣለሁ። መልሳቸው አንድ ከሆነ አልፋለሁ። ከተለያየ ተርጓሚው ዋሽቷል።»

«ስንት ጠየቅሽ?»

«ዘጠኝ ሺህ። ስድስት ሳምንት ፈጀ።»

«ስንቱ ላይ ዋሸ?»

«አራቱ ላይ። አንዱን ያዝኩና መስመሩን እየነቀልኩ ጣልኩ። ሁለት መቶ መስመር ነበር። ስድስት ቀርቶት እንኳ ይዋሻል። ከስድስቱ አንድ መስመር ሳወጣ ግን እውነቱን ተናገረ። ስድስቷን ለተርጓሚው ባለቤቶች መልሼ ላክሁላቸው።»

«ዘጠኝ ሺህ!» አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት። «ዳኛም እንዲህ አይመረምርም።»

በላይነህ ያን ጊዜ ተነሣ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልሱ ዛሬ ጠዋት መጥቷል። በእንግሊዝኛ ነው፤ ላንብብልዎት። ‹ስህተቱ የእኛ ነው። ሦስት ዓመት እጃችን ላይ ነበር፣ አላየነውም። ከእንግዲህ አዲስ እትም ከማውጣታችን በፊት ሁሌም መሐንዲሳችሁ በላከችው ስድስት መስመር እንፈትነዋለን።›» ስልኩን ዝቅ አደረገው። «የተጻፈው ይኼ ነው። ያልተጻፈውን ልጨምር። እኔም አላመንኳትም ነበር። ሰው ፊት ነው የተቆጣኋት፤ ሰው ፊት ልናገረው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ዘሙሩድ ቀና ብላ አየችው። አቀበቱን ሲወጡ እሱን የምትለው ነገር በልቧ ስታሰናዳ ነበር፤ ጠንከር ያለ፣ ያማረ ነገር። አሁን ፈለገችው፤ የለም። ሻርፗን አስተካከለች።

አቶ ወልደ ሐዋርያት በሩ ላይ ወጥተው ባሕር ዛፉ ሥር ወደ ተቀመጡት ጥበቃዎች ተጣሩ። «ኑ! ሁላችሁም ኑ!»

እየተጠቃቀሱ ገቡ። አንደኛው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል።

«ቁጭ በሉ» አሉ ሽማግሌው። «አንተም የሚያስቅህ፣ ቁጭ በል። ይቺ ልጅ የባሕር ማዶዎቹን ተርጓሚ ውሸት ላይ ይዛዋለች። ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገሪያቸው። ዘጠኝ ሺህዋን እንዳትዘልያት።»

ዘሙሩድ ተነሣች። ከመጀመሪያው ጀመረች። አግዳሚው ሞልቶ ስለነበር በላይነህ ለመጨረሻው ሰው ቦታውን ለቀቀና ከሁሉም ኋላ ቆመ። አንዳች እንዳያመልጠው አንገቱን አስግጎ ያዳምጣት ጀመር።